በ27 ዓመቴ ስንፈተ ወሲብ ያዘኝ፤ ምን ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው ባሕር ዳር፣ የምሠራው ባንክ ነው። ባለፈው ጥር መጨረሻ አገባሁ። ከሠርጉ ሌሊት ጀምሮ ብልቴ እንደሚፈለገው አይቆምም። መጀመሪያ ይነሣል፤ ልክ ልንጀምር ስንል ይተኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ እውነት ለመናገር እፎይ አልኩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ጠዋት ስነቃ አንዳንዴ ይቆማል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ጓደኛዬ በወረቀት ጠቅልሎ ሰማያዊ ክኒን ሰጠኝ። አንድ ቀን ሠራልኝ፤ ራሴን ግን ሊያፈነዳው ነበር። አሁን ያለ ክኒኑ መሞከር ፈራሁ። ቅዳሜና እሑድ ከልጆቹ ጋር እቅማለሁ፤ ማታ ጨብሲ አለ። ከዚህ በቀር ጤነኛ ነኝ። ክብደቴ ትንሽ ቀንሷል፣ ሌሊት ሌሊትም ለሽንት እነሣለሁ፤ የሐሳብ ይመስለኛል። የነገርኩት ለአጎቴ ብቻ ነው። «አስረውብህ ነው፣ ጸበል ግባ» አለኝ። ዘመድ በበኩሉ «እህ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» እያለ የባለቤቴን ሆድ ያያል። በዚህ ዕድሜ እንዴት ይህ ይመጣል? ለባለቤቴስ ምን ልበላት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔ ያረፈው ግን አንተ ባጠበቅከው ቦታ ላይ አይደለም። «ክብደቴ ትንሽ ቀንሷል፣ ሌሊት ለሽንት እነሣለሁ» ብለህ በጨረፍታ ባለፍከው ላይ ነው። ስለዚህ ሌላውን ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግርህ። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ሰፈርህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ጎራ በልና ስኳርህን ተለካ። ግፊትህንም አብረው ይለኩልህ። ሥራ አያስፈታህም። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «በዚህ ዕድሜ እንዴት?» ብለሃል። ይመጣል። የሚመጣውም በአንተ ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጣልያን፣ ሚላን ውስጥ የወጣ ጥናት ለዚህ ችግር ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የቀረቡ 439 ወንዶችን ተመልክቶ ነበር። ከአራቱ አንዱ ዕድሜው 40 እና ከዚያ በታች ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ችግራቸው ከባድ ከሚባለው ክፍል ነበር። ይህ ማለት ከአራት ወጣት አንዱ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ የተቆጠሩት ሐኪም ቤት የመጡት ናቸው። ግን «ይህ የሽማግሌ በሽታ ነው» የሚለውን ወሬ ለመዝጋት ይበቃል።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እምቢ ማለት ግን ችግር ተብሎ አይመዘገብም። ድካም፣ መጠጥ፣ ኩርፊያ፣ የታመመ ዘመድ፣ ሁሉም ለአንድ ምሽት ያሳንፋል። እኛ «ችግር አለ» የምንለው ነገሩ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው። ያንተ ከዚያ አልፏል። ስለዚህ መጠየቅህ ትክክል ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ያልነዳ ጎረምሳ የለም ብዬ ልገምትና በሱ ላስረዳህ። አንድ ካላማዳሪ እንዲወጠር ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የሚነፋ ሰው፣ አየሩ የሚገባበት ያልተደፈነ መንገድ፣ የገባው ተመልሶ እንዳይወጣ የሚይዝ ቫልቭ። ብልትም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚገባው ደም መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። አእምሮህ ሲነሣሣ በአከርካሪህ በኩል መልእክት ይልካል። የብልት ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ያ ንጥረ ነገር የደም ሥሮቹን ጡንቻ ያላላል፤ ደም ይገባል፤ ብልቱ ሲሞላ ደም የሚመልሱት ሥሮች ተጨምቀው ይዘጋሉ። የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ ያገኙ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመውበታል። ጓደኛህ የሰጠህ ሰማያዊ ክኒንም፣ እውነተኛው ከሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚያው ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያፈርስ ነገር አለ። አድሬናሊን ይባላል። የድንጋጤ ንጥረ ነገር ነው። ሥራው ደምህን ወደ እግርህና ወደ ክንድህ መላክ ነው። ሌሊት ጅብ ያጋጠመው ሰው ብልቱ ቢቆም ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ሰውነት ያንን በር ቶሎ ይዘጋዋል፤ የላሉት የደም ሥሮች ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ደሙ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው በሰከንዶች ውስጥ ነው። «ይነሣል፤ ልክ ልንጀምር ስንል ይተኛል» ያልከው ነገር ከዚህ ጋር ልክክ ይላል። ሰዎች «የጭንቀት ነው» ሲባሉ «አስመስለህ ነው» የተባሉ ይመስላቸዋል። አይደለም። ፍርሃት ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ነገር ነው።

እስቲ ያለፉትን ወራት መለስ ብለን እንያቸው። ጥር ላይ ሠርግ። ከሠርጉ በፊት ባሉት ሳምንታት እንቅልፍ የለም፤ ብድር አለ፤ ድንኳን አለ፤ የተጣሉ ዘመዶችን ማስታረቅ አለ። የሠርጉ ቀን ከንጋት ጀምሮ ቆመህ ነው የዋልከው። ማታ ሚዜዎችህ እየሣቁ በር ዘግተውልህ ሄዱ። ጠዋት ፊትህን ለማየት እንደሚመጡ ታውቃለህ። በዚህ ሌሊት ብልቱ እምቢ ያለው ወንድ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ነገሩ እዚያው ቢቀር ምንም አልነበረም። የሚከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሚቀጥለው ሌሊት አልጋ ላይ ሁለት ሰው ሆነህ ትገባለህ። አንዱ ባል ነው። ሌላው ዘበኛ ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ «ቆመ? ሊተኛ ነው? አሁንም አለ?» እያለ ይቆጣጠራል። ዘበኛው ባለበት ደስታ የለም። ደስታ ከሌለ መልእክቱ አይላክም። ሲተኛ ዘበኛው «አላልኩህም?» ይላል። በማግስቱ ይብስበታል።

ከዚያ ጾሙ ገባ። 55 ቀን ማንም ምንም አይጠይቅህም። እፎይ ማለትህ ራሱ ለእኔ ትልቅ መረጃ ነው። የሚያስጨንቅህ ሥራው ሳይሆን ፈተናው እንደነበር ይነግረኛል። ችግሩ ፋሲካ ቀን የተቆረጠለት ፈተና ሆኖ መጠበቁ ነው። ሁለታችሁም ለሁለት ወር ገደማ አንድ ሌሊት ስትጠብቁ ከርማችሁ፣ ያ ሌሊት ሲመጣ አድሬናሊን ባይመጣ ነው የሚገርመኝ። ከፋሲካ በኋላ እንዲህ ያለ ወሬ ይዘው የሚመጡ ሙሽሮች አይጠፉም።

እስካሁን ያልኩህን ካነበብክ «በቃ፣ ጭንቀት ነው» ብለህ ልትዘጋው ትችላለህ። እዚህ ላይ ነው ቆም የምንለው።

ጤነኛ ወንድ በእንቅልፍ ላይ እያለ በአንድ ሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብልቱ ይቆማል። እያንዳንዱም ግማሽ ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ ነው። ጠዋት የምታየው የመጨረሻውን ነው። በዚያ ሰዓት ዘበኛውም ተኝቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠንክሮ የሚቆም ብልት ነርቩም፣ ደም ሥሩም፣ ቫልቩም ደህና መሆኑን ይናገራል። ሐኪም ስለ ጠዋቱ የሚጠይቅህ ለዚህ ነው። አንተ ግን «አንዳንዴ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም» አልክ። ይህ ለሁለት የሚከፈል መልስ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ በተለይ ሌሊቱን መርቅኖ ያደረ ሰው፣ የጠዋቱ ይቀንስበታል። ወይም ደግሞ ደም ሥሩ ወይም ነርቩ ላይ የጀመረ ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሌሊት ለሽንት መነሣትህ ይመጣል። የከሳህበትም ምክንያት። ሙሽራ ሲወፍር እንጂ ሲከሳ ብዙም አላየሁም፤ ቤቱ ሁሉ ያጎርሰዋላ። የሚከሳ፣ ሌሊት የሚሸና፣ ምናልባትም ውኃ ውኃ የሚለው የ27 ዓመት ሰው መጀመሪያ የሚለካው ስኳር ነው። ስኳር የአዛውንት ብቻ አይደለም። አንደኛው ዓይነት በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምር ነው፤ ሁለተኛው ዓይነትም አሁን አሁን ወደ ወጣቱ እየወረደ ነው። ስኳር ሁለቱን ነገሮች ይነካል፤ መልእክቱን የሚያደርሰውን ነርቭና ደሙ የሚያልፍበትን ቀጭን ሥር። በዚያ ላይ የብልት ደም ሥር ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ልብን የሚመግበው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሥሮች መጥበብ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያቃስተው ብልት ነው፤ ልብ ከዓመታት በኋላ ይከተላል። ይህ ለ50 ዓመት ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም። ግፊቱ ሳይታወቅ የኖረ ወጣት፣ ወገቡ የሰፋ ወጣት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወጣት በዚሁ በር ይገባል።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ላይ የምቆጣበት ነገርም ይኸው ነው። ወጣት ሲመጣ ትከሻውን ነካ አድርገው «ልጅ ነህ፣ ጭንቀት ነው፣ ዘና በል» ብለው ይሸኙታል። ጭንቀት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜም ጭንቀት አለበት። ግን ጭንቀትና ስኳር ባንድ ሰው ላይ አብረው እንዳይቀመጡ የሚከለክላቸው የለም። እንዲያውም ይጠራራሉ። ስኳሩ ትንሽ ያላላዋል፤ ሰውየው ይደነግጣል፤ ድንጋጤው የቀረውን ይጨርሰዋል። ግፊት ሳይለካ የሚሰጥ «ዘና በል» ምክር አይደለም።

ቁጥሩን ልንገርህ። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበላ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ወደ በሽታው እየተጠጋህ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን በላቦራቶሪ ይደገማል፤ ያው ከሆነ ስኳር ነው። በልተህ ተለክተህ 200 እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ካንተ ምልክቶች ጋር፣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይይህ። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎና በረጅሙ መተንፈስ፣ መፍዘዝ ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ግፊት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ከተደገመ እሱም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው።

ስለ ጫቱ እናውራ። ባሕር ዳር ነህና «ተው» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጫቱ ከዳር ዳር ይበቅላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሁሉ ፍራሽ ተነጥፎ ነው የሚጠብቅህ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ምርቃና ላይ ፍላጎትህ እንደ ጉድ ይነሣል፤ ወሬውም፣ ዕቅዱም፣ ሚስት መውደዱም ያኔ ነው። ግን ያው ንጥረ ነገር አድሬናሊን የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። ልብ ይመታል፣ ግፊት ይወጣል፣ ደም ሥር ይጠባል። ልብህ «እፈልጋለሁ» ሲል ደም ሥርህ «አልችልም» ይላል። ብዙ ቃሚዎች መርቅነው እያሉ ሽንታቸው እንኳ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲው ይመጣል። ትንሽ መጠጥ ፍርሃት ያበርዳል፤ ብዙ ሲሆን ነርቩን ያደነዝዛል። ለዓመታት ሲቀጥል የወንድ ሆርሞንን ያወርዳል። ከጫቱ ጋር ሲጋራ ካለ እሱ የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ነው የሚያበላሸው። ሺሻም «ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል» ተብሎ ነጻ አይወጣም።

አሁን ሳምንትህን እየው። ቅዳሜ ምርቃና፣ ማታ ጨብሲ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሰኞ ወደ ባንክ ነው። ታዲያ ከባለቤትህ ጋር የምትሞክረው መቼ ነው? ቅዳሜ ሌሊት ወይም እሑድ ከሆነ፣ ፈተናውን ራስህ መርጠህ በመጥፎው ቀን እየጠራኸው ነው። አራት ሳምንት ጫቱንም ጨብሲውንም አቁምና ጠዋት ጠዋት ምን እንደምታይ ልብ በል። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል፣ ትነጫነጫለህ፣ ሁሉ ነገር ያስጠላሃል። ያ ያልፋል። የጠዋቱ ከተመለሰ ከማንኛውም ምርመራ በላይ ነግሮሃል።

መድኃኒትም ያሳንፋል። አንተ መድኃኒት እወስዳለሁ ባትልም ለሌሎች ይጠቅማልና በአጭሩ ልበል። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን፣ ለልብ ምትና ለማይግሬን የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ ለጨጓራ ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚወሰደው ሲሜቲዲን። ትራማዶልም አለ። «ቶሎ እንዳትጨርስ» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሱስ ያስይዛል፤ ሲቆይ የወንድ ሆርሞንን ያወርዳል፤ ሊያድነው የተባለውን ሰው ጭራሽ ያሳንፈዋል። ሐኪም ያዘዘልህ መድኃኒት ከሆነ ግን በራስህ አታቋርጥ። የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ማቆም ከስንፈቱ የባሰ ነገር ያመጣል። መጠኑን ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል፤ ንገረው።

ሆርሞን በወጣት ላይ ሰዎች እንደሚያስቡት ብዙ ጊዜ አይደለም ጥፋተኛው። ፍላጎትህ ራሱ ከጠፋ፣ ጢምህ ከሳሳ፣ ጡትህ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካለው፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ ያኔ እንፈልገዋለን። ቴስቶስትሮን የሚለካው በጠዋት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው። ከሰዓት በኋላ የተለካ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ያለ ምክንያት ያስደነግጥሃል። ዝቅ ካለም ሌላ ቀን ይደገማል እንጂ በአንድ ወረቀት መርፌ አይጀመርም። በተለይ ልጅ የምትፈልግ ከሆነ የቴስቶስትሮን መርፌ የዘር ፍሬህን ሥራ እንደሚያስቆም እወቅ። ጂም ቤት ውስጥ በወሬ የሚወጉትን ሳይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

አደጋም አለ። ከሞተር ወይም ከባጃጅ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ፣ ብስክሌት ላይ ተንሸራቶ ብረቱ በእግሮቹ መካከል የመታው ሰው ያን ታሪክ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ዓመታት ቢያልፉም። ሥሩ ወይም ነርቩ እዚያ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በብስክሌት ሥራ መመላለስ ግን ማንንም አላሳነፈም። ለረጅም ሰዓት በጠባብ ኮርቻ የሚጋልቡ ሰዎች ብልታቸው ሲደነዝዝ ኮርቻውን ይቀይሩ፤ በቃ።

ስለ ሴጋ ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ፤ ሁሉም በልቡ ስለሚጠይቀው። «በልጅነቴ ሴጋ ስላበዛሁ ሥሬ ደርቋል» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ሴጋ ሥር አያደርቅም፣ ወንድነትን አይጨርስም። በስልክ የሚታየው የወሲብ ፊልም ግን ሌላ ነው። እዚያ ያለው ሰው ተመርጦ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ አንዳንዴም ክኒን ውጦ የተቀረጸ ነው። ራሱን ከዚያ ጋር የሚያመዛዝን ልጅ ዘበኛውን በደሞዝ እንደቀጠረ ቁጠረው።

አጎትህ «አስረውብህ ነው» ማለታቸውን አልቀልድበትም። የድሮ ሰዎች የሚሉትን ልብ ካልከው፣ ታሰረ የሚሉት ወንድ ብቻውን ሲሆን ደህና ሆኖ ሚስቱ ዘንድ ሲቀርብ የሚያቅተውን ነው። ያዩት ነገር ትክክል ነው። እኔ የምለያቸው ምክንያቱ ላይ ነው። ጸበሉን አልከለክልህም። ብዙ ሰው እዚያ እረፍት ያገኛል፤ ጭንቀቱም ይቀልለታል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ስኳር ወይም ግፊት ከተገኘብህ ጸበል ገባሁ ብለህ መድኃኒትህን አትተው። ሥር ቀጥቅጦ «ይህን ጠጣ» የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ ስሙን እንኳ የማታውቀውን ነገር ጉበትህና ኩላሊትህ ላይ አትድፋ። «ማን አሰረብኝ?» ብለህ ጎረቤት መጠርጠር ከጀመርክም ዘበኛው አንድ ሆኖ አይቀርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይጠብቅሃል።

ወደ ክኒኑ። ሲልደናፊል ይባላል። መድኃኒቱ ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሲጀመር ለልብ ሕመም ተብሎ የተሞከረ ነበር። ፍላጎት አይፈጥርም፤ ፍላጎት ሲኖር ያ ናይትሪክ ኦክሳይድ የጀመረውን ሥራ ያቆይልሃል። ራስህን ያመመህ የጭንቅላትህም ደም ሥሮች ስለሰፉ ነው፤ ፊት መቅላትና አፍንጫ መታፈንም የተለመደ ነው። የሚወሰደው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ጥብስና ክትፎ በልተህ ከወሰድከው ይዘገያል፤ ብዙዎች «አልሠራም» የሚሉት ለዚህ ነው። በ25፣ በ50 እና በ100 ሚሊግራም ይመጣል። አንተ የትኛውን እንደዋጥክ አታውቅም። በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ ጓደኛህም አያውቅም። ለደረት ውጋት ከምላስ ሥር የሚደረግ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ክኒን ቢውጥ ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ክኒኑን ደም ውስጥ ያበዙታል፤ መጠኑ መቀነስ አለበት። ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ከቆየ ሣቅና ቀልድ የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ካልታከመ ከዚያ ወዲያ ለዘለቄታው ላይቆም ይችላል።

ማር አገር ነንና ይህችንም ልጨምር። «ንጹሕ ማርና ዕፅዋት ብቻ፣ ለወንዶች» ተብሎ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንዲህ ዓይነት ማሮችን መርምሮ ይኸው ሲልደናፊል፣ አለዚያም ዘመዱ ታዳላፊል፣ ሳይነገር ተደባልቆባቸው አግኝቷል። ማሩን ከፈለግክ ከገበያ ገዝተህ በዳቦ ብላው።

«ያለ ክኒኑ መሞከር ፈራሁ» ያልከው ሱስ አይደለም። ሰውነትህ አልለመደውም፤ ዘበኛው ነው የለመደው። ስኳርህና ግፊትህ ታይቶ ልብህ ደህና ከሆነ፣ ሐኪም ራሱ ይህንኑ መድኃኒት በትክክለኛ መጠን ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝልህ ይችላል። ጥቂት ሌሊቶች ያለ ውድቀት ሲያልፉ ፍርሃቱ ይበርዳል፤ ከዚያ ይቀነሳል። እኔ ለወጣት ሙሽራ ብዙ ጊዜ የምመርጠው መንገድ ይህ ነው፤ ግን ከሚቀጥለው ጋር ተጣምሮ።

የሚቀጥለው ባለቤትህ ናት። እስካሁን ምንም ካላልካት ባዶውን በራሷ ሞልታዋለች። «አልወደደኝም»፣ «ሌላ አለችው»፣ «አልማርኩትም»። የማትናገረው ሐፍረት ይዟት ነው። ዛሬ ማታ ንገራት። አልጋ ላይ አይደለም፤ ቡና ላይ ወይም ጣና ዳር ስትራመዱ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ችግሩ ካንቺ አይደለም። እፈልግሻለሁ፤ ፈርቼ ነው። ሐኪም እያማከርኩ ነው፤ ብትችዪ አብረን እንሂድ።» እንዲህ ብትላት ይበቃል። ብዙ ሚስቶች ይህን ሲሰሙ እፎይ ሲሉ ነው ያየሁት።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ግንኙነት እንዳትፈጽሙ ተስማሙ። በጾሙ ጊዜ እንደነበረው ተራርቃችሁ ሳይሆን ተቀራርባችሁ። ተቃቀፉ፣ ተዳሰሱ፣ ተሳሳሙ፤ ቢቆምም ወደ ግንኙነት አትሂዱ። ቢተኛም ግድ የለም፤ ምንም አልታቀደምና። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ ዛሬም እንሠራበታለን። ፈተናው ሲሰረዝ ዘበኛው ሥራ ይፈታል። በሦስተኛው ሳምንት ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ሁለታችሁ አብራችሁ ሕጉን ብትጥሱት አልቆጣችሁም።

የባንክ ሥራ ቁጭ ብሎ መዋል ነው። በሳምንት 4 ቀን፣ 40 ደቂቃ ያህል፣ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ለስድስት ወር ያደረጉ ወንዶች እንደተሻላቸው ጥናቶች አሳይተዋል። እስከ ቤዛዊት ዳገት በእግር ወጥቶ መመለስ ያልብሃል። ስኳር ከተገኘብህ ግን መጀመሪያ መድኃኒቱ ይስተካከል፤ ከዚያ ዳገቱ።

ለዘመዶችህ «ሲኖር እንነግራችኋለን» በላቸው። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ ተሞክሮ ካልተሳካ ነው መውለድ ቸገራቸው የሚባለው። እናንተ ገና አልጀመራችሁም።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። ነገ ጠዋት ስኳርና ግፊት። ከፍ ካለ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ጻፉልኝ በላቸው፤ ስኳሩ ሲስተካከል ብልቱም አብሮ ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ ሳይቆይ ከተያዘ። ደህና ከሆነ የአራት ሳምንቱን የጫት ዕረፍትና የሁለት ሳምንቱን ስምምነት ጀምር፤ ሌሊት ለሽንት የምትነሣበትን ነገር ግን አትተወው፤ ሽንትህም ይመርመር። በወሩ መጨረሻ የጠዋቱ ካልተመለሰ ቴስቶስትሮኑን በጠዋት አስለካና ወደ ሐኪም ተመለስ። ከክኒኑ የተረፈ ካለህ አትዋጠው፤ ከነወረቀቱ ለሐኪሙ ውሰድለት።